ስላልተዘለሉት ዝላዮችም ተርኩልን፦ ለአማርኛ የጦር ታሪክ ተራኪዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ተራኪዎች፣

እኔ ከቋሚ አድማጮቻችሁ አንዱ ነኝ። ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ የምሰማው እናንተን ነው። ማታ ሰሃን ሳጥብም እናንተው ናችሁ። ስለ ስታሊንግራድ፣ ስለ ዲየን ቢየን ፉ፣ ስለ ስድስቱ ቀን ጦርነት ከማውቀው ግማሹን ያገኘሁት ከእናንተ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ክስ አትቁጠሩብኝ። የወዳጅ ቅሬታ ነው።

ቅሬታዬ አየር ወለድን በምትተርኩበት መንገድ ላይ ነው። በተለይ የአሜሪካውን 82ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር። የምኖረው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው። ክፍለ ጦሩ ከ1942 ጀምሮ ከሰፈረበት ከፎርት ብራግ ብዙም አልርቅም። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ አካባቢ ማታ የጭነት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያጓራ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ልጆቹ ልምምድ ላይ ናቸው፣ በቃ። ቡና የምትቀዳልህ ልጅ ባሏ፣ መኪናህን የሚሠራልህ ሰው ወንድሙ፣ የሆነ ዘመድ እዚያ አለው። የእኛም ሰዎች ልጆች ስለመግባት ያወራሉ።

የእናንተ ትረካ ግን ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ሙዚቃው ይደልቃል። የአውሮፕላኑ በር ይከፈታል። አንበሶቹ ይዘላሉ። ጠላት ድራሹ ይጠፋል። ቀጣዩ ክፍል ሳምንት ይቀርባል፣ ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ።

እስኪ ዝላዮቹን አብረን እንቁጠር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 82ኛው አራት ቦታ በጃንጥላ ወርዷል፦ ሲሲሊ፣ ሳሌርኖ፣ ኖርማንዲ፣ ሆላንድ። የመጨረሻው ሴፕቴምበር 1944 ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍለ ጦሩ ጦር ሜዳ ላይ በጃንጥላ የወረደው ዲሴምበር 20 ቀን 1989 ፓናማ ላይ ነው። መሃል ላይ 45 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። በ1965 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሄዷል። በ1967 ረብሻ ለማብረድ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዲትሮይት ገብቷል። በ1968 አንድ ብርጌዱ ቬትናም ወርዷል። በ1983 ግሬናዳ ነበር። ሁሉም ቦታ አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ፣ ወታደሩ በእግሩ ወርዶ ነው የገባው። በዝላይ ብቻ የምትተርኩት ከሆነ እንግዲህ አብዛኛው ታሪኩ ይቀርባችኋል።

ሲወለድማ ከአየር ጋር ጭራሽ ግንኙነት አልነበረውም። በኦገስት 1917 ጆርጂያ ውስጥ ካምፕ ጎርደን ሲቋቋም ተራ እግረኛ ነበር። ከ48ቱም ግዛቶች የመጡ ሰዎች ስለነበሩበት «ኦል አሜሪካን» ተባለ። ትከሻቸው ላይ ያለው ሁለት ኤ ፊደል ከዚያ የመጣ ነው። አየር ወለድ የሆነው ኦገስት 15 ቀን 1942 ነው። ያኔ ለሁለት ተከፈለና 101ኛው ከጎኑ ወጣ። በነገራችን ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉብን። በዲሴምበር 1944 ቤልጂየም፣ ባስቶኝ ከተማ ውስጥ የተከበበው 101ኛው ነው። 82ኛው በዚያው ጦርነት ከሰሜን በኩል ነበር። ሁለቱም ደግሞ ወደዚያ ግንባር የሄዱት በካሚዮን ተጭነው ነው። ጃንጥላ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዘለሉት ይልቅ ያልዘለሉት ዝላይ ይበልጥ የሚገርምበት ጊዜ አለ። አንደኛው ከእኛ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአማርኛ ተራኪ ሲነገር ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 1943 ነው። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዷል። አዲሱ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማን መሰላችሁ? ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ። አዎ፣ ራሱ። ሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ጦር አዛዥ፣ ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ የገባው፣ «የአዲስ አበባ መስፍን» የሚል ማዕረግ የተሰጠው ሰውዬ። ባዶሊዮ አሁን ጀርመኖችን ክዶ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር በድብቅ የተኩስ ማቆም ስምምነት አስፈርሟል። የስምምነቱ አንድ አካል ይህ ነበር፦ 82ኛ አየር ወለድ በሮም ዙሪያ ባሉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ይወርዳል። የጣሊያን ጦር ማረፊያዎቹን ይጠብቃል። ሮምን አብረው ይይዛሉ።

የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ማቲው ሪጅዌይ ነገሩ አልተዋጠለትም። ጣሊያኖቹ ቃላቸውን ባይጠብቁስ? ልጆቹ በጀርመን ታንክ መሃል ነው የሚወርዱት። ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ አስቸገረ። በመጨረሻ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይ ተባለ። የሄደው የክፍለ ጦሩ የመድፈኛ አዛዥ ጄኔራል ማክስዌል ቴይለር ነው። ከአንድ የአየር ኃይል ኮሎኔል ጋር በባሕር ተጉዞ ጋኤታ ወደብ ወረደ። የተማረኩ አብራሪዎች እንዲመስሉ ዩኒፎርማቸውን አራሱት። ከዚያ አምቡላንስ ውስጥ ተደብቀው፣ ጀርመን በሞላበት መንገድ፣ ሮም ገቡ። ሴፕቴምበር 7 ማታ ነበር።

ሮም ውስጥ ያገኙት የጣሊያን ጄኔራል የነገራቸው ሌላ ነው። ነዳጅ የለንም፣ ጥይት የለንም፣ ጀርመኖቹ በርክተዋል አላቸው። ቴይለር አላመነም። ወደ ባዶሊዮ ውሰዱኝ አለ። ሽማግሌውን በሌሊት ከእንቅልፉ አስነሱት። ባዶሊዮም ያንኑ ደገመለት። ስምምነቱን ይፋ ማድረጉ ይዘግይልኝ፣ አየር ወለዱም ይቅርብኝ አለ። አዲስ አበባ ሲገባ የነበረው ልብ የት እንደሄደ እንግዲህ እሱ ይወቀው።

ቴይለር በሚስጥር መልእክት ዝላዩ እንዲሰረዝ ላከ። መልእክቱ ሲሲሊ ያሉ ማረፊያዎች የደረሰው ሴፕቴምበር 8 ቀን ወደ ማታ ነው። ወታደሮቹ ጃንጥላቸውን ታጥቀው አውሮፕላን ላይ ነበሩ። ሞተር ያስነሱም ነበሩ። ውረዱ ተባሉ።

ቢዘሉ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጀርመኖች በጥቂት ቀን ውስጥ ሮምን ያዙ። ባዶሊዮና ንጉሡ ሸሹ። በዚያ መሃል ቀላል መሣሪያ የያዘ፣ ታንክ የሌለው፣ ከሳሌርኖ የሚመጣለትን ጦር የሚጠብቅ ክፍለ ጦር አስቡ። ከሳሌርኖ ሮም ደግሞ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ጦር ሮም የገባው በጁን 1944 ነው። ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል!

ይህ ታሪክ ተኩስ የለበትም። ድልም የለበትም። እንዳትዘሉ ያለ ሰውና ያን ቃል የሰማ አለቃ ነው ያለበት። እኔን ጠይቁኝ፣ ከኖርማንዲ ይልቅ ይህን ነው የምመርጠው።

ሪጅዌይ ለምን እንዲህ እንደፈራ የሚያስረዳው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ሲሲሊ ላይ የሆነው ነው። ይህንንም አትነግሩንም። ጁላይ 11 ቀን 1943 ማታ፣ ወረራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ የክፍለ ጦሩ 504ኛ ሬጅመንት በ144 አውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሲሲሊ ተላከ። የሚወርደው ወገን በያዘው መሬት ላይ ነበር። ጠላት አልነበረም። ሪጅዌይ ግን የራሳችን መርከቦች እንዳይመቱን ብሎ አስቀድሞ ሲጨነቅ ነበር። ትእዛዝ ተላለፈ፣ አትተኩሱ ተባለ። ያን ቀን ግን የጀርመን አውሮፕላኖች መርከቦቹን ሲደበድቡ ውለው የተኳሾቹ ነርቭ አልቋል። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች በሰላም አለፉ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ አንዱ ተኮሰ። ሌላው ተከተለ። መርከቡም፣ ምድር ላይ ያለውም ጦር ሰማዩን በእሳት ሞላው። 23 አውሮፕላን በወገን ጥይት ወደቀ። 37ቱ ተበሳስተው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ዋናው አዛዥ ጄኔራል አይዘንሃወር ራሱ ይሄ አየር ወለድ በክፍለ ጦር ደረጃ ያዋጣል ወይ ብሎ ጠይቋል። 82ኛው ሊበተን ይችል ነበር። ያልተበተነው ከውድቀቱ ስለተማሩ ነው። ቀድመው ወርደው ቦታውን በመብራትና በሬዲዮ የሚያመለክቱ ቡድኖች ተዘጋጁ። ሳሌርኖ ላይ የዘለሉ ጊዜማ መሬት ላይ ያለው ጦር ቤንዚን በአሸዋ ለውሶ ትልቅ የቲ ፊደል አንድዶ ጠበቃቸው። ጥሪው መጥቶ በዚያው ዕለት ማታ ነው የዘለሉት። አብዛኛው ሰው የወረደው መውረድ ባለበት ቦታ ነበር።

ኖርማንዲን እዘለዋለሁ፤ እናንተ በቂ ብላችኋል። ሳንት-ሜር-ኤግሊዝ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ስለተንጠለጠለው ወታደር ስንት ጊዜ ሰማን! ያላላችሁት ጀርመኖች ሜርደሬ ወንዝን ሜዳው ላይ ለቀውት እንደነበረ ነው። በጨለማ ሜዳ መስሏቸው ውኃ ውስጥ የወረዱ አሉ። ሰውየው ከነትጥቁ ነው፤ ወገብ በሚደርስ ውኃ ሰጥሞ ይሞታል። ክፍለ ጦሩ ግንባር ላይ በቆየባቸው 33 ቀናት ከ5,000 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ቆስሎበታል፣ ጠፍቶበታል።

ሆላንድ ላይ ግን ልቆም ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1944፣ ናይሜኸን ከተማ፣ ዋል ወንዝ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ከባድ ጦር እንዲያልፍ ድልድዩን ከሁለቱም ጫፍ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሻለቃ ጦር ወንዙን በጀልባ ይሻገር ተባለ። በጠራራ ፀሐይ። ጀልባዎቹ የእንግሊዞች ነበሩ። ዘግይተው ደረሱ። ሲያወርዷቸው ጎናቸው ሸራ ነው፤ የሚተጣጠፍ። ቁጥራቸው 26። መቅዘፊያው አይበቃም፤ የጎደለባቸው በጠመንጃ ሰደፍ ቀዘፉ። ብዙዎቹ ጀልባ ቀዝፈው አያውቁም፤ ጀልባዋ ቦታዋ ላይ ትሽከረከራለች። ሻለቃ ጁሊያን ኩክ እየቀዘፈ ጸሎተ ማርያም ይደግም ነበር። ጢሱ ነፋስ በተነው። መትረየሱ ሸራውን ይበሳዋል፣ ውኃው ይገባል፣ አንዱ በራስ ቁሩ ይቀዳል፣ ሌላው ይቀዝፋል። ለሁለተኛ ዙር ተመልሰው ሰው ለመጫን የበቁት ጀልባዎች ከግማሽ አይበልጡም ነበር። ማታ ድልድዩ ተያዘ።

እነዚህ ሰዎች የሠለጠኑት ከሰማይ ለመውረድ ነው። ትልቁ ጀግንነታቸው ግን ሸራ ጀልባ ላይ ሆነ።

ያ ሁሉ መስዋዕትነት ደግሞ ወደ ሰሜን አርንሄም ላይ ለነበሩት እንግሊዞች አልደረሰላቸውም። የእንግሊዝ 1ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወደ 10,000 ሰው ይዞ ገብቶ ወጥቶ የተመለሰው ከ2,500 ያነሰ ነው። በሁለት ቀን ይደረስላችኋል ተብለው ነበር። ይህን ካልነገራችሁን አየር ወለድ ምን እንደሆነ አልነገራችሁንም። አየር ወለድ እግረኛ ነው። የያዘው የሚሸከመውን ያህል ነው። ቀድሞ ይደርሳል፣ ድልድይ ይይዛል፣ ማረፊያ ይይዛል፣ ከዚያ ከባዱ ጦር እስኪመጣ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል። የሚመጣ ከሌለ ጥይቱ ያልቃል። ጀግንነት ጥይት አይተካም።

ዛሬም ሥራው ያው ነው። ከክፍለ ጦሩ አንድ ብርጌድ በተራ ሁልጊዜ ተጠንቀቅ ላይ ነው። ስልክ ከተደወለ በ18 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ኃይል አየር ላይ መሆን አለበት። በኦገስት 1990 ሳዳም ኩዌትን ሲይዝ በቀናት ውስጥ ሳዑዲ በረሃ የደረሱት እነዚሁ ናቸው። ከወዲያ ማዶ የኢራቅ ታንክ እንደ ጉድ ተደርድሯል። እነሱ ጠመንጃና ፀረ ታንክ ሚሳይል ነው የያዙት። ወታደሮቹ በራሳቸው ላይ ይቀልዱ ነበር፤ እኛ ለሳዳም ታንኮች ብሬከር ነን ይሉ ነበር አሉ፣ ያው አስፋልት ላይ መኪና የሚያዘገየው። ቀልዱ ግን እውነት አለው። ያኔ የተላኩት አሜሪካ ቆርጣለች የሚለውን ለማሳየት ነው። ሌላው ጦር እስኪከማች ወራት ፈጀ።

እስኪ አንድ ተራ የልምምድ ዝላይ ቀርባችሁ እዩት። ወታደሩ ጀርባው ላይ ዋናውን ጃንጥላ ያዝላል። ሆዱ ላይ መጠባበቂያው አለ። ከሱ ሥር፣ ጉልበቱ ጋ፣ የጀርባ ሻንጣው ይንጠለጠላል። ጠመንጃው በማኅደሩ ሆኖ ጎኑ ላይ ይታሰራል። መራመድ አይችልም፣ ይንፏቀቃል። ከመሳፈሩ በፊት የዝላይ ኃላፊው እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጁ እየዳሰሰ ይፈትሻል፤ በዓይን አይቶ ማለፍ የለም። ከዚያ ሰዓታት ጥበቃ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበት ከጉልበት ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ይሞቃል፣ የነዳጅ ሽታ አለ፣ የሚያስመልሰው ያስመልሳል። ተነሡ ይባላል። ሁሉም የጃንጥላውን ገመድ ከላይ ካለው ሽቦ ጋር ያያይዛል። በሩ ጋ ያለው ቀይ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። ከፍታው 240 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ለማስተካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። መሬት ሲነካ ሥራው ገና ይጀመራል፦ ጃንጥላውን ጠቅልሎ፣ በጨለማ፣ ወገኑን መፈለግ።

ማርች 23 ቀን 1994 ከፎርት ብራግ ጎን ባለው የፖፕ አየር ኃይል ሰፈር፣ ለልምምድ ዝላይ ተራ የሚጠብቁ ወታደሮች ሜዳው ላይ ነበሩ። አየር ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጩ። የተዋጊው ጄት ስብርባሪ ሌላ የቆመ አውሮፕላን መትቶ እሳቱ ልጆቹ ላይ ወረደ። 24 ሰው ሞተ፣ ከ100 በላይ ቆሰለ። ጠላት አልነበረም፣ ጦርነትም አልነበረም። አደጋው በደረሰበት ቦታ ስም ግሪን ራምፕ ይባላል። እዚህ አገር አሁንም በየዓመቱ ይታሰባል።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሁለተኛው ያልተዘለለ ዝላይ መጣ። ሄይቲ ላይ ጄኔራል ሴድራስ ሥልጣን አልለቅም ብሏል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ካርተር፣ ኮሊን ፓወልና ሴናተር ሳም ነን ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ ውስጥ ሲደራደሩ፣ 82ኛውን የጫኑ ከ60 በላይ አውሮፕላኖች ተነሥተው መንገድ ላይ ነበሩ። ወሬው ከድርድሩ ቤት ደረሰ። ሄይቲዎቹ ተስማሙ። አውሮፕላኖቹ አየር ላይ እንዳሉ ዞረው ወደ ካሮላይና ተመለሱ። ያን ሌሊት አንድም ሄይቲያዊ በነሱ ጥይት አልሞተም። ከእነሱም አንድ ሰው አልሞተም። በማግስቱ ሌላ ጦር ያለ ውጊያ ገባ። ከዚህ የተሻለ ዝላይ ካለ ንገሩኝ።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ አንድ ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር በዘር የተከፋፈለ ነበር። ጥቁሮች ጃንጥላ ዘላይ መሆን አይችሉም የሚል ነበር የብዙዎቹ እምነት። በ1944 መጀመሪያ ፎርት ቤኒንግ ላይ በሙከራ የተጀመረው ቡድን 555ኛው የጃንጥላ እግረኛ ሻለቃ ሆነ። ጦር ሜዳ አልላኳቸውም። በ1945 ወደ ምዕራብ ወስደው ጫካ ውስጥ እሳት እንዲያጠፉ አደረጓቸው፤ ጃፓኖች በፊኛ የሚልኩት ቦምብ ያስነሣዋል የተባለውን ሰደድ እሳት። እየዘለሉ እሳት አጠፉ። የ82ኛው አዛዥ ጄኔራል ጄምስ ጋቪን ግን ጃንዋሪ 1946 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ ከክፍለ ጦሩ ጋር አሰለፋቸው። በዲሴምበር 1947 የክፍለ ጦሩ አካል ሆኑ። ትሩማን ጦሩ በዘር አይከፋፈል የሚለውን ትእዛዝ የፈረመው ከዚያ በኋላ፣ ጁላይ 1948 ነው። አምስት ደቂቃ ብትሰጧቸው ምን ይጎድልባችኋል?

ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ጎረቤቴ የ18 ዓመት ልጅ አላት። አማርኛ ይሰማል፣ እናንተን ይሰማል። አየር ወለድ ልግባ ይላል። እናቱ ታለቅሳለች፣ አባቱ በኩራት ደረቱን ይነፋል። ልጁ የሚያውቀው ሙዚቃውንና በሩን ነው። ይግባ አይግባ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ብቻ ሲሲሊን ሰምቶ ይግባ። 18ቱን ሰዓት አውቆት፣ እናቱም አውቃው ይግባ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። እኛም አገር አየር ወለድ ነበረን። አባላቱ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሄዳችሁ ቅዷቸው። ስንት ጊዜ ዘለልክ ብላችሁ ብቻ አትጠይቋቸው። ጃንጥላውን ማን ያጥፍላችሁ ነበር? ስንቅ ሲያልቅስ ማን ይደርስላችሁ ነበር? አውሮፕላን ተሳፍራችሁ ሳትዘሉ የተመለሳችሁበት ቀን አለ? በሉልኝ። ቀረጻው ሲወጣ የመጀመሪያው አድማጭ እኔ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አድማጭ ከሰሜን ካሮላይና